አረብኛ በልጆች መጽሐፍ፦ ስምንተኛ ወር

እንደምታውቁት ሻርጃ (ኤምሬትስ) ልጅ እይዛለሁ። አረብኛ መናገሩን እንደምንም ለምጄዋለሁ፣ ማንበቡ ነበር ያስቸገረኝ። ስለዚህ የሰባት ዓመቱ ልጅ ማታ ሲያነብ አጠገቡ ቁጭ ማለት ጀመርኩ። ይኸው ስምንት ወር ሞላኝ።

የልጆች መጽሐፍ ደስ የሚለው አናባቢው ሁሉ ከፊደሉ ላይና ሥር ምልክት ስላለው ነው። ጋዜጣ ላይ ምልክቱ የለም፣ እኔም የለሁም። መጀመሪያ አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር (አትሳቁ)፤ አሁን አምስት ደቂቃ። ለእናቴ በስልክ «ኪታብ እያነበብኩ ነው» ስላት (በአረብኛ መጽሐፍ ማለት ነው) ደነገጠች። ለእሷ ክታብ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ነው።

የገረመኝ ግን ልጁም እንደኔ ተማሪ መሆኑ ነው። «አሁን» ለማለት ማማ ከቢራ፣ አያቱ ማለቴ ነው፣ «አልሂን» ይላሉ። ግብፃዊቷ አስተማሪው «ዲልዋእቲ»፣ የሊባኖስ ጎረቤቶቻችን «ሃልላእ»። መጽሐፉ ደግሞ «አልአን» ይላል፣ እንደዚያ የሚያወራ ሰው ግን እቤት ውስጥ አንድም የለም። አንድ ማታ «ይሄኮ የካርቱን ወሬ ነው» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ፉስሃ፣ ማለትም የመጽሐፉን አረብኛ፣ የሚሰማው ከካርቱን ነው። በአሻንጉሊት ሲጫወትም እንደነሱ ያወራል፣ ከእህቱ ጋር ሲጣላ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ስለ ማንነት ተብለው የተገዙለት ሦስት መጻሕፍት አሉት። ግመል፣ ቴምር፣ መጨረሻ ላይ ምክር። ሁለተኛ አልከፈታቸውም፣ እኔም አልፈርድበትም።

ያላሰብኩት መጽሐፍ ነው የያዘው። ሶርያዊው ዘከሪያ ታሚር የጻፈው «ቤት»፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤይሩት የታተመ። ዶሮ ቤት አላት፣ ስሙም ይሄ ነው፣ ጥንቸልም አላት እያለ ይሄድና ፍልስጤማዊው ጋ ሲደርስ ቤት የለውም ይላል። «በይት» ቤት ነው፣ ከኛው ጋር አንድ! ያለ መዝገበ ቃላት የጨረስኩት የመጀመሪያ መጽሐፌ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና ክፍል ውስጥ አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ፍልስጤማዊ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ እንደገና አስነበበኝ።

ሌላው ደግሞ ቀልድ ነው። አባትየው በካርቶን ያስቀመጣቸው የድሮ «ማጂድ» መጽሔቶች አሉ፤ ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አቡ ዳቢ የሚወጣው። እያንዳንዱ እትም ውስጥ ፉዱሊ የሚባል ሰውዬ ይደበቃል፣ እሱን መፈለግ ነው። አባትየው ከሥራ ደክሞት መጥቶ እንኳ ወለል ላይ ተንበርክኮ ከልጁ ጋር ይሽቀዳደማል። ያኔ የቤቱ ወሬ በሙሉ አረብኛ ይሆናል፣ እህትየዋ ራሷ ስልኳን ጥላ ትመጣለች።

እኔ አሁንም «ዐ» አልወጣልኝም። ፊደሉ አለን፣ ድምፁን ከጣልነው ቆይቷል፣ ማማ ከቢራ ጉሮሯቸውን ይዘው ያሳዩኛል። እና ሽፋኑ የተቀደደው እትም ላይ ፉዱሊን እስካሁን አራታችንም አላገኘነውም።