ቢጫው ሳህን ከቅጠሉ ቀድሞ ነገረን፣ የክሽክሽ ክትትል 7ኛ ሳምንት

ሰላም የድንች ወዳጆች፣ ከሀዋሳ ነኝ። ማሳው ሻሸመኔ አካባቢ ያለ የአጎቴ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ማክሰኞና ቅዳሜ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ድንቹ ጉደኔ የሚባለው ዝርያ ነው፣ የምንፈልገውም ለዘር ነው። ባለፈው ዓመት ከራሳችን ያስቀረነው ዘር በቀለና የታችኛው ቅጠሉ ወደ ላይ እየተጠቀለለ ሲነኩትም እንደ ወረቀት እየተንኮሻኮሸ አደገ፣ ምርቱም አነሰ፣ እኛ ውሃ ጠምቶት ነው የመሰለን። ቫይረስ መሆኑና ከዘር ወደ ዘር እንደሚተላለፍ፣ ከተክል ተክል የሚያደርሰው ደግሞ ክሽክሽ፣ ማለትም የቅጠል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ነፍሳት፣ እንደሆነ የገባኝ ዘንድሮ ነው።

ዕቃው ቢጫ የፕላስቲክ ሳህን፣ ውሃና ሁለት ሶስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ነው፣ ክንፍ ያለው ክሽክሽ ቢጫ ስለሚስበው መጥቶ ያርፋል፣ ሳሙናው ደግሞ እንዲሰምጥ ያደርገዋል። መጀመሪያ መሬት ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ድንቹ አደገና ሸፈነው፣ ሁለት ሳምንት ምንም ሳይገባ ማሳው ንጹህ ነው ብዬ ለአጎቴ ነገርኩት፣ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል። በድንጋይ ከፍ አድርጌ ከቅጠሉ ጫፍ እኩል ሳደርገው በ4 ቀን 11 ገባ። በማጉያ ሳያቸው ሆዳቸው ላይ ከጀርባ በኩል ጥቁር ምልክት፣ ከኋላ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ፣ በአንቴናዎቹ መሀል ደግሞ ወደ ውስጥ የተጠጋጉ ሁለት ጉብታዎች አሏቸው፣ የኮክ ክሽክሽ የሚባለው ነው፣ ከሁሉም በላይ የድንች ቫይረስ የሚያመላልሰው እሱ ነው።

ክሽክሹ መቼ እንደሚመጣ መተንበይን በተመለከተ፣ እንግሊዝ ሮትሃምስተድ የሚባል የግብርና ምርምር ተቋም ውስጥ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 12.2 ሜትር ከፍታ ባለው ቱቦ አየር እየሳቡ ይቆጥራሉ፣ የጃንዋሪና ፌብሩዋሪን ሙቀት አይተውም የመጀመሪያው በረራ መቼ እንደሚሆን ይገምታሉ። እኛ ጋ ግን እሱን ሂሳብ መገልበጥ አይሰራም፣ የሚገድለው ውርጭ ስለሌለ ሴቷ ያለ ወንድ ዓመቱን ሙሉ ትወልዳለች፣ ሙቀት ሲያገኙ ደግሞ በሳምንት በአስር ቀን አንድ ትውልድ ይደርሳል። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ዋናው ዝናብ ነው። ከባድ ዝናብ ከቅጠል ላይ ያጥባቸዋል፣ ከዚያ 5 ወይም 6 ቀን ደረቅ ሲሆን ሳህኑ ይሞላል፣ ይሄን በዚህ በልግ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ሌላ ወቅት ሳልጨምር ህግ አልለውም። 100 የታችኛ ቅጠል ገልብጬ ስቆጥር ግን ክሽክሹን ያገኘሁት ሳህኑ ካሳየኝ 8 ቀን ቆይቶ ነው፣ እነዚያ 8 ቀናት ናቸው ለእኔ ወርቅ የሆኑት።

መድኃኒት እንርጭ ወይ ለሚለው፣ ቅጠል የሚጠቀልለውን ቫይረስ ክሽክሹ ለማስተላለፍ ሰዓታት መምጠጥ ስላለበት ርጭት ይረዳል፣ ዋይ የሚባለው ሌላው የድንች ቫይረስ ግን በሰከንዶች ንክሻ ይተላለፋልና መድኃኒቱ ክሽክሹን እስኪገድለው ነገሩ አልቋል። ስለዚህ የታመመውን ነቅሎ ማውጣትና ለዘር የያዙትን ደግሞ ቫይረሱ ከቅጠል ወደ ድንቹ ሳይወርድ ቅጠሉን ቀድሞ ማጨድ ነው የሚሻለው። አጎቴን «ጋሼ፣ አሁን እንጨደው» ስላቸው «ልጄ፣ ገና እየወፈረ ያለ ድንች እንዴት ይታጨዳል?» አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ለገበያ ቢሆን እኔም አላጭድም። ሳህኑን አምጥቼ አሳየኋቸው፣ ዝም ብለው ቆጠሩ። 6 መስመር ለዘር ቅዳሜ አጨድን፣ ድንቹ ቆዳው እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት አፈር ውስጥ ይቆያል፣ ሌላው ለምግብ ቀረ። ማክሰኞ ሳህኑን ወደ ቀረው ማሳ አዞራለሁ።