መወርወሩን ወድጄው ነበር

ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ ይመስለኛል። ከፉርጎው ወርደው ማጅራታቸውን በአንድ እጃቸው ደገፍ አደረጉና መሳፈሪያው ላይ ለምትሠራው ልጅ «ልጄ፣ መወርወሩን ወድጄው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ከሥር መታኝ» አሏት። ልጅቱ ያሉትን ቃል በቃል በሬዲዮ አስተላለፈችልኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ወርክሾፕ ውስጥ የአንድ መንኮራኩር ኩሽኔታ እየቀየርኩ ነበር። «የእንጨት ነው እኮ፤ ያንገጫግጫል፤ ጠባዩ ነው» ብዬ መለስኩላትና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም።

አናጺ ነኝ። በአንድ መዝናኛ ፓርክ የእንጨት ሮለር ኮስተር (ሰውን በዳገትና በቁልቁለት የሚያከንፍ የመዝናኛ ባቡር) ሐዲድ ከሚጠግነው ቡድን ጋር ስሠራ ያኔ ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። ስለዚህ ያን መልስ የሰጠሁት ካለማወቅ አይደለም። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው።

ሐዲዱን ከሩቅ የሚያየው ሰው ድጋፉን ብቻ ነው የሚያየው፤ ያን ሁሉ ቋሚና አግዳሚ እንጨት። ባቡሩ የሚሄድበት ግን ጣውላ በጣውላ ላይ እየተደረበ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስምንት ንብርብር፣ በምስማርና በቡሎን የተያያዘ ነው። መንኮራኩሩ የሚረግጠው ከላይ የተነጠፈውን ቀጭን የብረት ላሜራ ነው። መንኮራኩሮቹም ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ክብደቱን የሚሸከሙት ከላይ፣ መንገድ የሚመሩት ከጎን፣ ባቡሩ ከሐዲዱ እንዳይነሣ የሚይዙት ደግሞ ከሥር። እነዚህን የሥረኞቹን ጆን ሚለር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት አስመዝግቦባቸዋል፤ ዓመቶቹን ሁሉ ወደፊትም የምጽፈው በዚያው አቆጣጠር ነው። እነሱ ከመጡ በኋላ ነው ሰውን ከመቀመጫው ብድግ የሚያደርጉት ቁልቁለቶች በድፍረት የተሠሩት።

እንጨት ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይኮማተራል፣ በዚህ መሃል ምስማሩ ይላላል። የሁለቱ ሐዲዶች ርቀት በጥቂቱም ቢሆን ከሰፋ የጎን መንኮራኩሮቹ የሚደገፉበት ያጣሉ፤ ፉርጎው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ግራና ቀኝ እየተላተመ ይሄዳል። የቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ባቡሩ ወርዶ ወርዶ ሲቀና የእያንዳንዱ ሰው ክብደት ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ያ ሁሉ ሸክም የሚያርፈውም እዚያችው ጥቂት ሜትር ላይ ነው። ንብርብሩ በቀን መቶ ጊዜ እየተጨቆነ ይላላል። መንኮራኩሩ ላላ ያለበት ቦታ ሲደርስ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ጠንካራው ጫፍ ላይ ይጋጫል፣ ግጭቱ ደግሞ ቦታውን የባሰ ያላላዋል። እኛ ይህን «ጉድጓድ» እንለዋለን። አንዴ ከጀመረ ራሱን በራሱ እየቆፈረ የሚሄድ ነገር ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን እንደዚያ መለስኩ? የኖርኩበት ሙያ ያስለመደኝ ነገር ነበር። በቡድናችን የእንጨት ሐዲድ መንገጫገጭ እንደ ጀግንነት ይወራ ነበር። በ1927 ተከፍቶ ዛሬም ኒው ዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ የሚሠራውን ሳይክሎን እናነሣለን። በዚያው ዓመት በካናዳ ክሪስታል ቢች ስለተሠራው ሌላ ሳይክሎን ደግሞ መሳፈሪያው ላይ ነርስ ይቆም እንደነበር ደስ እያለን እንተርካለን፤ ያ ባቡር በ1946 መዘጋቱን ግን ማንም አይጨምርበትም። «በጣም ያንገጫግጫል» የሚል ሰው ሲመጣ ጥያቄው ስለ ሐዲዱ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰውዬው ይሆናል፦ ዕድሜው ስንት ነው? ከዚህ በፊት ተሳፍሮ ያውቃል?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የመሳፈሪያዋ ልጅ ወርክሾፕ ድረስ መጣች። እጇ ላይ ከመጠቅለያ ካርቶን የተቀደደ ቁራጭ ነበር። «ጋሽዬ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ላሳይዎት» አለችኝ። ካርቶኑ ላይ ባቡሩን ሥላ፣ ወንበሮቹን በሣጥን በሣጥን ከፍላ፣ አንገታቸውን ወይም ወገባቸውን ይዘው በወረዱት ሰዎች ወንበር ላይ ነጥብ አድርጋለች። አሥራ አንድ ነጥብ ነበር። ዘጠኙ መጨረሻው ፉርጎ ላይ፣ ከዘጠኙም ሰባቱ የኋለኛው ወንበር ላይ፣ ልክ አክስሉ ላይ ናቸው። ማንም እንድትቆጥር አላዘዛትም። «ሁሉም ቦታው አንድ ነው ይላሉ፤ ከሦስተኛው ጉብታ ሲወርዱ፣ ልክ ከማለቁ በፊት» አለች።

ያን ካርቶን ይዤ ሐዲዱ ላይ ወጣሁ። በየጠዋቱ ከመከፈቱ በፊት እንሄድበታለን፤ እኔም በዚያው ቦታ ላይ በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። አሁን ተንበርክኬ አየሁ። ላሜራው ያብረቀርቃል፣ የቡሎን ዳዶዎቹ በቺያቤ ሲሞከሩ አይዞሩም፣ ውሃ ልክ ሳስቀምጥበትም ደህና ነው። በመዶሻ መታሁት፤ ድምፁ ትንሽ የታፈነ መሰለኝ፣ ግን አላመንኩም። ወርጄ የቡድናችንን አንጋፋ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን ሰው አማከርኳቸው። ካርቶኑን ረጅም ጊዜ አዩትና «ባዶ ሐዲድ ምን ይነግርሃል? ሸክም ሲያርፍበት ነው የሚናገረው። ማታ ሄደህ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥ» አሉኝ።

ማታ ያሉበት ምክንያት ነበራቸው። ጠዋት ባዶውን ባቡር ስንሞክረው ቀላል ነው፣ በኩሽኔታው ውስጥ ያለው ግራሶም ገና አልሞቀም። ሲመሽ ግን ባቡሩ ሰው ሞልቶት፣ ግራሶው ሞቆ፣ ከጠዋቱ በሚበልጥ ፍጥነት ይሄዳል። የእኛ የጠዋት ሙከራና የሰዎቹ የማታ ጉዞ በአንድ ሐዲድ ላይ የሚደረጉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ የተሳፈርኩት ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሁልጊዜም በሁለቱ አክስሎች መካከል በሚገኘው ወንበር ላይ ነበር። ይመቸኛል ብዬ።

መጀመሪያ ፊት ተቀመጥኩ። ምንም የለም፤ የሚያምር ቁልቁለት ነው። ቀጥሎ መጨረሻው ወንበር ላይ ሆኜ ወጣሁ። ከሦስተኛው ጉብታ ስንወርድ ሰውነቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተንሳፈፈ፤ ይህ ሠሪው ያሰበው ነው፣ ሆድን ባዶ የሚያደርግ ያ ደስታ። ከዚያ መልሶ ሲያስቀምጠኝ፣ ልክ ሰውነቴ እየከበደ ሲመጣ፣ ከሥር አንድ ነገር ወገቤን በቡጢ እንደ መምታት አደረገኝና ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ። ሴትዮዋ ያሉት ያኔ ገባኝ። ቃላቸውን ከዚያ በተሻለ የሚያስረዳ መሐንዲስ እስካሁን አላገኘሁም። መወርወር ሌላ፣ መመታት ሌላ ነው። ሲወረወሩ ሰውነት አስቀድሞ ያውቃል፣ ይዘጋጃል፤ ኃይሉ እያደገ መጥቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ምት ግን ጡንቻ ሳይዘጋጅ የሚደርስ ነው፣ የሚቀበለውም አጥንት ነው።

ፊት ያልተሰማኝ ኋላ ለምን ተሰማኝ? ቦታው ከቁልቁለቱ መጨረሻ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። የፊተኛው ፉርጎ ሲያልፍበት ባቡሩ ገና እየፈጠነ ነው፤ የኋለኛው ሲደርስበት ግን ፊተኞቹ ወደ ታች እየጎተቱት ባቡሩ ከሞላ ጎደል ሙሉ ፍጥነቱን ይዟል። ያውም የላላው ንብርብር በፊተኞቹ አክስሎች ተመትቶ ተመትቶ ሳይመለስ ነው የመጨረሻው የሚያርፍበት። በማግስቱ ከአጥር ውጭ ሆነን ባቡሩ ሲያልፍ በስልክ ቀረጽነውና እያዘገየን አየነው። ሐዲዱ ከመጨረሻው አክስል ሥር የጣት ውፍረት ያህል ሰምጦ ተመለሰ።

ባቡሩን አቁመን ላሜራውን ስናነሣ ከላይ ያሉት ሁለት ንብርብሮች ደህና ነበሩ። ሦስተኛውና አራተኛው በጥፍር የሚፋቁ ሆነዋል። ውሃ በአንድ አሮጌ የምስማር ቀዳዳ ገብቶ እዚያው ተኝቶ ነበር። ዳዶዎቹ ያልዞሩልኝ ጠብቀው ስለቆዩ ሳይሆን የበሰበሰው እንጨት ውስጥ ሰምጠው ስለተነከሱ ነው። ውሃ ልኩ የዋሸኝም ጤነኛው የላይኛው ጣውላ ባዶ ቦታ ላይ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ስለነበር ነው።

ስብሰባው ከባድ ነበር። በዓመቱ ውስጥ ሰው የሚበዛበት ሳምንት ላይ ነበርን። ጥያቄው «ፍጥነቱን በፍሬን ቀንሰን ሳምንቱን ልናልፈው አንችልም ወይ?» የሚል ነበር። ክፉ ጥያቄ አይደለም፤ ብዙ ቦታ የተደረገ ነው። ጋሼ ግን በአሜሪካ ኦሃዮ ሲዳር ፖይንት በተባለ ፓርክ የነበረውን ሚን ስትሪክ የሚባል የእንጨት ሮለር ኮስተር አነሡ። በ1991 ተከፈተ፣ ቁመቱ 49 ሜትር ያህል ነበር። እያንገጫገጨ ሲያስቸግር የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተጨመረለት፣ ሐዲዱ ደጋግሞ ተቀየረ፤ ቀርፋፋም ሆነ፣ ማንገጫገጩንም አልተወም። በ2016 ተዘጋ። ሐዲዱ በብረት ተተክቶ፣ ድጋፉ እንጨት እንደሆነ፣ በ2018 ስቲል ቬንጀንስ ተብሎ ሲመለስ ከድሮው እጅግ የበለጠ ኃይለኛ ሆኖ ነው፤ ግን አይመታም።

ከክፍሉ ውስጥ አንዱ «የእኛ ትንሽ ነው፤ የሚሰበረው ያ ትልቁ ዓይነት ነው» አለ። እውነትም ትልቅነት የራሱ ዋጋ አለው። እዚያው ኦሃዮ፣ ኪንግስ አይላንድ ውስጥ በ2000 የተከፈተው ሰን ኦቭ ቢስት 66 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ከእንጨት የተሠራ እንዲህ ያለ ቁመት ያኔ በዓለም አልነበረም። በሐምሌ 2006 አንድ የድጋፍ እንጨት ተሰንጥቆ ሐዲዱ ላይ በተፈጠረው ጉድጓድ 27 ሰዎች ተጎዱ። ሰውን ገልብጦ የሚያዞረው የሐዲዱ ክብ ቀለበት ተነሣ፣ ቀለል ያሉ ፉርጎዎች መጡ፣ በ2009 ግን ጭራሽ ቆመ፣ በ2012 ፈረሰ። ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው የሠሪው ምኞት እንጨቱ ከሚሸከመው በላይ ሲሆን ሐዲዱ ጥገና የማይደርስበት ፍጥነት ላይ ይበላል የሚለውን ነው። ስለዚህ የእንጨት ሮለር ኮስተር ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል ወይ ለሚለኝ አዎ እላለሁ፣ በኃይሉም በመንገጫገጩም። በእንጨት ላይ ከልክ ያለፈው ኃይል ብዙውን ጊዜ ወደ ከልክ ያለፈው መንገጫገጭ ያመራል።

ግን ትንሹም ሆነ ለስላሳው አይድንም። ለስላሳነቱ የታወቀው፣ ሐዲዱ ፋብሪካ ውስጥ በልኩ ተቆርጦ የመጣው ኤል ቶሮ እንኳ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኦገስት 25 ቀን 2022 በአንድ ቦታ ላይ ክፉኛ መትቶ 14 ሰዎች ተጎድተው ለወራት ተዘግቷል። ያንን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ቀጥዬም ሌላ መናገር ነበረብኝ፦ «ከአራት ቀን በፊት ተነግሮኝ ነበር። አልጻፍኩትም።» ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ፍሬን የተናገረ አልነበረም። ባቡሩ አራት ቀን ቆመ።

ስድስት ሜትር ያህል ሐዲድ እስከ መሠረቱ አውጥተን፣ በየንብርብሩ መጋጠሚያውን እያዛነፍን እንደ አዲስ ደረብነው። የምወደው ሥራ ነው። አዲስ ጣውላ ላይ የመጀመሪያው ምስማር ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ ያ የታፈነው ድምፅ ምን እንደነበረ የዚያን ቀን ጆሮዬ ተማረ። ሥራው እንዳለቀ የመሳፈሪያዋን ልጅ ጠራኋትና መጨረሻው ወንበር ላይ አብረን ተሳፈርን። ቦታው ላይ ስንደርስ እጄን ያዘች። ወረወረን፣ ተንሳፈፍን፣ ከበድን፣ ወጣን።

ሴትዮዋን ዳግመኛ አላየኋቸውም። የዚያን ዕለት ማታ መዝገቡን ከፍቼ ቃላቸውን እንዳሉት ጻፍኩት፣ ከወንበር ቁጥራቸው ጋር። ቀኑን ወደ ኋላ አልወሰድኩትም፤ የተነገረኝንም የጻፍኩበትንም ቀን፣ ሁለቱንም አሰፈርኩ። ካርቶኑን ከገጹ ጋር በምስማር አያይዤዋለሁ፤ እስካሁን እዚያው አለ።