ከቦሌ ባሕር ዳር፦ ርቀቱንና ሰዓቱን በወረቀት ሳሰላው

በዓባይ በረሃ በኩል በመኪና ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአየሩን ለማወቅ የሁለቱን ኤርፖርቶች ኬክሮስና ኬንትሮስ ያዝኩ። ቦሌ 8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ከ48 ምሥራቅ፤ ባሕር ዳር 11 ከ36፣ 37 ከ19።

አንድ የኬክሮስ ደቂቃ አንድ ኖቲካል ማይል ነው፣ 1.852 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ የሰሜን ደቡቡ ልዩነት፣ 2 ዲግሪ ከ37፣ ያለ ምንም ስሌት 157 ማይል ሆነ። የምሥራቅ ምዕራቡ 89 ደቂቃ ግን እንዲሁ አይወሰድም፤ ኬንትሮሶች ወደ ዋልታ ሲሄዱ ስለሚጠጋጉ በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን፣ እዚህ 0.984፣ ይባዛል። 87.6 ማይል። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝቼ፣ ደምሬ፣ ካሬ ሥሩን ሳወጣ 180 ማይል መጣ፤ 333 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለዚህ ለቅርብ መንገድ ፓይታጎረስ ይበቃል። ለንደን ቢሆን የምድርን ክብነት የሚቆጥር ቀመር ግድ ነው።

መጀመሪያ ላይ 8 ከ59ን 8.59 ብዬ፣ ሌሎቹንም እንዲሁ ነበር ያስገባሁት። ደቂቃው ለ60 ይካፈላል፤ ትክክሉ 8.98 ነው። የሚያናድደው፣ በስህተቱም 183 ማይል ወጣ! ኬክሮሱ ላይ የበዛው ኬንትሮሱ ላይ ጎድሎ ተጣፋ። ሁለቱን ልዩነቶች ለየብቻ ካላዩ አይያዝም።

ሰዓቱ ነው ጉዱ። ኪው-400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ 333ን ስናካፍል 31 ደቂቃ። የበረራ ፕሮግራሙ ግን 1 ሰዓት ገደማ ይላል። የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ እዚያ ደርሶ እስኪቆም ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው፣ ባሕር ዳር ደግሞ ሰሜን ምዕራብ፤ ስለዚህ ተነሥቶ ይዞራል። ሲወጣና ሲወርድም ፍጥነቱ ያንሳል፤ በዚህ አጭር መንገድ ቀጥ ብሎ የሚበርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለአገር ውስጥ በረራ 25 ወይም 30 ደቂቃ መደመር ይሻላል።

ከመስቀል አደባባይ ቦሌ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግን ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን መብራቱን ቁጠሩ። የደመራ ዕለት፣ ሩጫ ሲኖር ወይም እንግዳ ሲያልፍ መንገዱ ይዘጋል። እኔ ከፒያሳ 1 ሰዓት፣ ለፍተሻና ለቼክ ኢን 2 ሰዓት እይዛለሁ። ከበረራው ሦስት እጥፍ!

ትኬት ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 07:00 የኛ ጠዋት 1 ሰዓት። ለውጭ በረራ «ማክሰኞ 01:30» ካለ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 7:30 ነው፤ ከቤት የሚወጣው ሰኞ ማታ ነው። የዱባይ ሰዓት ከኛ በ1 ይቀድማል፤ ከመድረሻው መነሻውን ስትቀንሱ ሲኬድ በረራው 1 ሰዓት ረዝሞ፣ ሲመለስ 1 ሰዓት አጥሮ ይታያል። ናይሮቢ እኩል ነን።