የሴል ሜምብሬን (ሴሉን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን) ምን ሲሆን ይላላል፣ ምን ሲሆን ያፈሳል?

ቀይ ስር ቆርጣችሁ በደንብ አጥባችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ቀለም ብዙም አይለቅም፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ግን ወዲያው ውሃው ደም ይመስላል። በጣም የምወደው ሙከራ ነው፣ ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤትም ይሰራል። ቀለሙ ሴሉ ውስጥ ቫኪዩል የሚባል ከረጢት ውስጥ ነው ያለው፣ ሙቀቱ ሲያይል የሜምብሬኑ ፕሮቲኖች ቅርፃቸውን ያጣሉ ፎስፎሊፒዶቹም (ሜምብሬኑ የተሰራባቸው ቅባቶች) ይላላሉ ከዛ ቀለሙ ይፈሳል። አልኮልም ያው ነው፣ ቅባቱን ያሟሟዋል።

ግን ሙቀት ብቻ አይደለም፣ የፋቲ አሲዱ (የፎስፎሊፒዱ ጭራ) አይነት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እዚ ጎንደር ጠዋት ብርድ ላይ ቅቤ ድርቅ ሲል የኑግ ዘይት ፈሳሽ እንደሆነ ነው የሚያድረው አይደል? የቅቤው ፋቲ አሲድ በብዛት ሳቹሬትድ (በካርቦኖቹ መሀል ድርብ ትስስር የሌለው) ስለሆነ ቀጥ ብሎ ተጠጋግቶ ይደረደራል፣ የኑጉ ደግሞ ደብል ቦንድ (ድርብ ትስስር) ስላለው ይታጠፍና ክፍተት ይፈጥራል፣ ሜምብሬን ላይም የሚሆነው ይሄው ነው። ባክቴሪያ ራሱ ብርድ ሲሆን አንሳቹሬትዱን (ደብል ቦንድ ያለውን) ያበዛል።

ኮሌስትሮልን (የእንስሳት ሴል ሜምብሬን ውስጥ ያለ ቅባት) በተመለከተ ማትሪክ ተፈታኞች እባካችሁ "ያጠነክራል" ብላችሁ ብቻ አትሸምድዱ! በሙቀት ጊዜ ፎስፎሊፒዶቹን ይዞ ያረጋጋል፣ በብርድ ጊዜ ግን መሀላቸው ገብቶ እንዳይጠጥሩ ያደርጋል፣ ሁለቱንም ፃፉ።

በሜምብሬኑ ማለፍን በተመለከተ ኦክስጅንና ካርቦንዳይኦክሳይድ በቀላሉ ያልፋሉ፣ ሶዲየም አዮን ግን ትንሽ ቢሆንም ቻርጅ ስላለው ያለ ፕሮቲን በር አያልፍም ማለት ይቻላል።