«ታዞ እምቢ ብሏል»

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚሠራ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ የሳይት መሐንዲስ ሳለሁ፣ በአራተኛው ፎቅ ሶሌታ (የወለል አርማታ) ጠርዝ ላይ የተተወ ግማሽ ብሎኬት ወድቆ ከታች አሸዋ ይነፋ የነበረ የቀን ሠራተኛ ትከሻ ሰበረ። ከ15 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ ሁለት ሰከንድ አይሞላውም፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ግንበኛው «ዞር በል!» ብሎ ጮኾ ነበር፤ ልጁ ግን ቀና ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም።

ማታ በቆርቆሮዋ ቢሮ ከፎርማኑ ጋር የአደጋ ሪፖርት ለመሙላት ተቀመጥን።

«ኢንጂነር፣ ምክንያት በሚለው ላይ ‹ሄልሜት እንዲያደርግ ታዞ እምቢ ብሏል› ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

«ማን አዘዘው ጋሼ?»

«ይታወቃል እኮ!»

ሄልሜቶቹ ከነላስቲካቸው ስቶር ተቆልፎባቸው፣ አማካሪው መሐንዲስ ለጉብኝት ሲመጣ ብቻ የሚታደሉ መሆናቸውን ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያች ቀን እኔም ባዶ ራሴን ነበርኩ። ፎርማኑ ቃሉን የመረጡት በዘፈቀደ አልነበረም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ሲሆን፣ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ ግን ሆነ ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰው ይቆጠራል። «ታዞ እምቢ ብሏል» የምትለው ሐረግ የልጁን ካሣ ልታስቀር ትችላለች ማለት ነው።

«ሄልሜት ትከሻ ይሸፍናል እንዴ ጋሼ? የጎደለው የጠርዝ መከለያ ጣውላ ነው።»

ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «እስቲ ‹ጣውላ› የሚል ቦታ ፈልግ» አሉ። በእርግጥም «ሄልሜት፦ አድርጓል / አላደረገም» ከሚለው በቀር ሌላ ቦታ አልነበረም። በኅዳጉ ላይ «የጠርዝ መከለያ አልነበረም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ እሳቸውም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አላናገሩኝም። ኩራቴን ግን አልደብቅም፤ በሳምንቱ አናጺዎቹ በየፎቁ ጠርዝ ዙሪያ ጣውላ ሲመቱ ቆሜ አየሁ።

ከአንድ ወር በኋላ የአምስተኛው ፎቅ ደረጃ አርማታ ሊሞላ ሲል ጣውላ አጠረ፣ ሚክሰሩም ተከራይቶ ቆሟል። ፎርማኑ ራሳቸው የመጠየቂያ ወረቀት ይዘው መጡ፤ «ከ4ኛ ፎቅ ጠርዝ ለጊዜው የሚነሣ» የሚለውን መስመር በጣታቸው እያሳዩኝ ፈረምኩ።