አንዲት መስመር

ጥቅምት ገብቷል። በእኛ በፎገራ ሜዳ ጥቅምት ሲገባ ውሃው ይሸሻል፣ ሩዙ ቢጫ መምሰል ይጀምራል፣ ወባው ይነሳል። የእኔ መድኃኒት መደብርም ገበያው ይደራል። እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሱ ደስ አይልም፤ ግን እውነቱ ይሄው ነው።

ሰው ገና ከበሩ ሳያልፍ «ዶክተር፣ የወባ ስጠኝ» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም። እዚህ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «ተመርምረሃል?» እላለሁ። «ምን ያስመረምረኛል? ወባን እኔ አጣዋለሁ?» ይህን የሚለኝ አብዛኛውን ጊዜ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ከርሞ የመጣ ጎረምሳ ነው። የወባው መድኃኒት ኮአርተም ያለ ማዘዣ እንደማይሸጥ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ብመልሰው ማዶ ያለው ሱቅ እንደሚሰጠውም ሁለታችንም እናውቃለን። ሰጥቼ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

ባለፈው ሰኞ ተራው የእኔ ሆነ። ሌሊቱን ብርድ ብርድ ሲለኝ፣ ራሴን ሲፈልጠኝ፣ መገጣጠሚያዬን ሲቆረጣጥመኝ አደረ። ጠዋት ሱቁን ከፈትኩና ቀጥታ ወደ መደርደሪያው። አንድ እሽግ አወረድኩ፤ 24 ፍሬ፣ አራት አራት፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ቀን። ይህን ለሰው ስናገር ዓመታት ስላለፉኝ በእንቅልፌም አልስተውም። ካርቶኑን ቀድጄ ውሃ ስፈልግ ባለቤቴ ደረሰች። «አንተም እንደ ደንበኞችህ ሆንክ?» አለችኝ። አፍሬ ተከትያት ጤና ኬላ ሄድኩ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ሰፈራችን ነው ያደገችው። ጣቴን በአልኮል ጠረገች፣ ጠቅ አደረገችኝ፣ ጠብታዋን በቀጭኗ መቅጃ ቀዳችና ካሴቷ ላይ፣ ማለትም ትንሿ የወባ መመርመሪያ ላይ፣ አሳረፈቻት። ከዚያ ፈሳሹን ጠብ፣ ጠብ። ሰዓቷን አየች። ቀዩ ነገር በነጩ ወረቀት ላይ ቀስ እያለ ሲሳብ እያየሁ ቁጭ አልኩ። ሩብ ሰዓት እንዲህ እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ምርመራው መሥራቱን ብቻ የምትናገረው መቆጣጠሪያዋ መስመር ወጣች። ሌላ የለም። የሁለቱ የወባ ዓይነቶች፣ የፋልሲፓረሙም የቫይቫክሱም ቦታ ባዶ።

«የለብህም ጋሼ።»

ምን ብል ጥሩ ነው? «ሌላ ካሴት የለሽም?»

ሳቀችብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር። የተማርኩትን ሁሉ ለክርክር አመጣሁት። ምርመራው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርት የፋልሲፓረም ዝርያ አገራችን ውስጥ ተገኝቷል፤ መመርመሪያው ሌላ ፕሮቲን በሚያይ እንዲቀየር የተወሰነውም ለዚሁ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኳት። «የያዝኩት አዲሱን ነው። ትኩሳቱ ካልለቀቀህ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ፣ በማይክሮስኮፕ ያዩሃል» ብላ ዘጋችኝ። በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ። የቀደድኩት እሽግ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

አያቴ ወባን ንዳድ ነበር የምትለው። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ብዙ አገር ያዳረሰው ወረርሽኝ ወደ 150,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። እሱን እየሰማ ያደገ ሰው «የለብህም» ሲሉት በቀላሉ አያምንም። እኔ ራሴ አላመንኩም።

ዑጋንዳ ውስጥ፣ ሙኮኖ በሚባል ወረዳ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ የወባ መመርመሪያ ለሰፈር መድኃኒት ሱቆች ሰጥተው ሞክረውት ነበር። ከቀረበለት ሰው ያልገዛ የለም ማለት ይቻላል። ከተመረመሩት መቶ ሰዎች ወባ የተገኘባቸው ግን 60 አይሞሉም። ድሮ ቢሆን ሁሉም የወባ መድኃኒት ይዘው ይሄዱ ነበር።

መመርመሪያው ለእኛም ለመድኃኒት ሻጮች ይፈቀድ የሚል ክርክር ከባልደረቦቼ ጋር ስንገጥም እኔ ደጋፊ ነበርኩ። አሁንም ነኝ። ቫይቫክስን በኮአርተም ብቻ ሸኝቶ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን መተው ምን ዋጋ አለው? ከወር ከሁለት ወር በኋላ ያው ሰውዬ እየተንቀጠቀጠ ይመለሳል። ጉበት ውስጥ ያለውን የሚያጠፋው የፕሪማኩዊን ሕክምና እንደሚያስፈልገው የሚታወቀው የትኛው እንደያዘው ሲታወቅ ነው። መመርመሩ ራሱም ከባድ አይደለም። የመርፌው ቆሻሻ የት ይጣላል፣ ካሴቱ ከቆርቆሮ ጣሪያዬ ሥር እኩለ ቀን ላይ እንዴት ይቆያል፣ እሱ መላ ይፈለግለታል።

የሚያስፈራኝ ያቺ ብቸኛዋ መስመር ናት። ነጋዴ ነኝ። «የለብህም» ብዬ ሰው በባዶ እጁ ስሸኝ እኔም ባዶ እጄን ነኝ። ያኔ እጄ ወደ አሞክሳሲሊኑ መደርደሪያ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እሱም አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል፣ እኔም አንድ ነገር እሸጣለሁ። ስለዚህ የምከፈለው በሸጥኩት ሳይሆን በመረመርኩት ቢሆን እላለሁ። ማን እንደሚከፍለኝ እንጃ።

ዛሬ አመሻሽ ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል።

«ልጄ፣ የወባ ስጠኝ።»

«አባባ፣ መጀመሪያ ጤና ኬላ ይመርመሩ። ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው።» የሰኞውን የራሴን ታሪክ ነገርኳቸው። ጣቴን ሁሉ አሳየሁ።

በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የተቀደደ እሽግ በከዘራቸው ጫፍ አመለከቱ። «ይሄ ታዲያ የማን ነው?»

መልስ ሳገኝ ወጥተዋል። ከበሩ ሆኜ አየኋቸው። መንገዱን ተሻግረው ወደ ማዶው ሱቅ ገቡ።