ሰኞ የጎረሰ፣ ማክሰኞ ባዶ

ሽጉጤ የባረቀው ሽፍታ መንገድ ዘግቶብኝ አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ የእግር ውሃ እስኪሞቅልኝ ስጠብቅ ነው። ጥይቱ የጓዳውን የጣውላ በር በስቶ ከግድግዳው ጋር የተደገፈ የማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀረ። ከጆንያው ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላ እናቴ ቡና ትቆላ ነበር።

ደሴ ነው የምኖረው። የፍየል ነጋዴ ነኝ፤ ሰኞ ሰኞ ሐረጎን ወርጄ፣ ኮምቦልቻን አልፌ ባቲ እገበያያለሁ። ግመሉ ከአፋር ቆላ፣ እህሉ ከደጋ የሚገናኙበት ገበያ ነው፤ የባቲ ፍየል ደግሞ ቆዳው ሳይቀር ስመ ጥር ነው። ፍየሉን የሚሸጥልኝ ሰው ብሩን ቆጥሮ ካልጨበጠ ገመዱን አይለቅም፤ ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ግድ ነበር። አብሮኝ የሚነግድ ሰው መንገድ ላይ ከተዘረፈ በኋላ ፈቃድ አውጥቼ ማካሮቭ የሚባለውን ሽጉጥ ያዝኩ። (በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። የፈቃዱ ወረቀት ከሽጉጡ ተለይቶ አያውቅም፤ ቤት ረስቶት ኬላ ላይ የደረሰ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁ።)

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ አቀባብዬ፣ ማለትም አንዱን ጥይት አጉርሼ፣ ልታጠቀው ወይስ ምንም ሳላጎርስ፣ «ባዶ» አድርጌው፣ ጥይቱ ካዝና (ጥይት መደርደሪያው) ውስጥ ብቻ ይደር? ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ «ያልተቀባበለ ሽጉጥ ከድንጋይ በምን ይሻላል?» አሉኝ። የቀድሞው ሠራዊት ወታደር የነበረው አጎቴ ደግሞ «ስምንቱም ካዝና ውስጥ ይቀመጡ» ብሎ ዝም አለ። ጋሼ ምክንያት መዘርዘር አይወድም።

ምክንያቱን ራሴ ፈለግኩት። ማካሮቭ ተቀባብሎ ሴፍቲው (እንዳይተኩስ የሚያግደው ማብሪያ መሳይ ቁልፍ) ወደ ላይ ሲገፋ፣ ወደ ኋላ ተወጥሮ የነበረው መቺ ጥይቱን ሳይነካ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የላይኛው ብረትም ይቆለፋል። ሴፍቲው ከወረደ በኋላ የመጀመሪያው ጥይት ረጅምና ከባድ የምላጭ ስበት ይፈልጋል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ምላጩ በጣም ይቀላል። አጎቴ በወጣትነቱ የታጠቀው ቶካሬቭ የተባለ ሽጉጥ ግን ሴፍቲ የሚባል ነገር አልተሠራለትም፤ መቺውን ግማሽ መንገድ ላይ ይዞ የሚያቆም ጥርስ ብቻ ነው ያለው። የጋሼ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። እንደ ግሎክ ያሉት አዳዲሶቹ ደግሞ ምላጩ እስኪሳብ ድረስ የጥይቱን ቂጥ የምትመታውን መርፌ አግዶ የሚይዝ ብረት በውስጣቸው አላቸው። የማካሮቭ መርፌ እንዲህ ያለ አጋጅም ሆነ የሚይዛት ሞላ የላትም። ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለ ሰው «ሁልጊዜ አቀባብዬ ነው የምይዘው» ሲል የሚያወራው ስለ ሌላ ዕቃ ነው።

ስለ ፍጥነት የሚነገረውንም ፈተሽኩት። ዴኒስ ቱለር የሚባል የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 እንደጻፈው፣ ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ግድም፣ በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ ሮጦ ይደርስብሃል። ጥይቶቹን በሙሉ ለአጎቴ አስረክቤ፣ ባዶውን ሽጉጥ ታጥቄ፣ የእህቴን ልጅ ዱላ አስይዤ ግቢያችን ውስጥ አስሮጥኩት። እንደ ደሴ ሰው ጋቢ ለብሼ ስሞክር ሁሉንም ጊዜ ተመታሁ። አንዱ እጄ ጋቢውን ሲገልጥ የላይኛውን ብረት የሚስብ እጅ ከየት ይምጣ? ለባቲ ሙቀት እንደምለብሰው በሸሚዝ ብቻ ስሆን ደግሞ፣ የተቀባበለ ነው ብለን በያዝነው ዙር ጥቂት ጊዜ ቀደምኩት፤ ባዶ ነው ባልነው ዙር አንድም ጊዜ አልቀደምኩትም። ልጁ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የደረስኩበት ውሳኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር። ሰኞ ለባቲ መንገድ አቀባብዬ እታጠቃለሁ፤ ከማክሰኞ እስከ እሑድ፣ መስጊድ ደጃፍ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሚኒባስ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ስንሄድ፣ ባዶ ይሆናል። ለሁሉም ቀን የሚስማማውን አገኘሁ ብዬ ኮራሁ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ሰኞ ጠዋት ማቀባበል፣ ሰኞ ማታ ማራገፍ፤ በዓመት ከመቶ ጊዜ በላይ ማለት ነው። በባቲ መንገድ ሽጉጤን ከማኅደሩ ያወጣሁት ግን አንድም ጊዜ አይደለም። ሽፍታን ፈርቼ ያቀባበልኩትን ብረት የምነካካው ቤቴ ውስጥ፣ ደክሞኝ፣ ልቤ የፍየል ሒሳብ ላይ ሆኖ ነበር።

በዚያች ማታ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ካዝናውን መጀመሪያ መንቀል ሲገባኝ የላይኛውን ብረት ሳብኩ። አንዱ ጥይት አልጋው ላይ ወደቀ፤ ብረቱ ሲመለስ ሁለተኛውን አጎረሰ። ከዚያ ካዝናውን ነቀልኩና፣ ባዶ ነው ብዬ፣ መቺውን ለማውረድ ምላጩን ሳብኩ። በሴፍቲው ማውረድ እየቻልኩ! ጆሮዬ ጭው አለ።

«ያ ረቢ! ልጄ፣ አለህ?» አለች እናቴ ከጓዳ። እሷን የጠየቃት ሰው ሳይኖር እሷ እኔን ጠየቀች። ጎረቤት ግቢያችንን ሞላው። አጎቴ ሲደርስ አንዲት ቃል አልተናገረኝም፤ ቁጭ ብሎ ቆጠረ። ስድስት ካዝናው ውስጥ፣ አንድ አልጋው ላይ፣ አንድ ማሽላው ውስጥ። «ስምንት» አለና ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰኞም ሆነ ማክሰኞ፣ ባቲም ሆነ ለቅሶ ቤት፣ ባዶ ነው። ቀስ ይላል፤ የእህቴ ልጅ አሳይቶኛል። አዲስ ሥሪት ሽጉጥ የያዘ፣ አዘውትሮ የሚለማመድ፣ አንዴ ካቀባበለ በየማታው የማይነካካ ሰው አቀባብሎ ቢይዝ አልከራከረውም። እኔን ሊያጠፋኝ የነበረው የጎረሰውም ባዶውም ሳይሆን መቀያየሩ ነው፤ «ዛሬ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቁ።

ሲፈተሽ አሁን ካዝናው መጀመሪያ ይወጣል፣ ብረቱ ሦስት ጊዜ ይሳባል፣ ትንሿ ጣቴ ገብታ ባዶነቱን ትዳስሳለች። አፈሙዙ የሚያየው ጥግ ላይ ያስቀመጥኩትን የአሸዋ ጆንያ ነው። ማኅደሩንም ቀየርኩ፤ የድሮው ልል ስለነበር ሴፍቲው በመኪና መንገጫገጭ ወርዶ አግኝቼው አውቃለሁ። አዲሱን አንድ የደሴ ቆዳ ሠሪ ምላጩን ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን አድርጎ ሰፋልኝ። ገንዘቡንም ቢሆን ከደንበኞቼ ጋር ተግባብተን አብዛኛውን በባንክና በቴሌብር አደረግነው፤ አሁን ኪሴ ውስጥ የሚገኘው ከምሳና ከመኪና ብዙም አያልፍም። ይህን ቀድሜ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ሽጉጡን ራሱ እገዛው ነበር ወይ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

እናቴን ግን ይህ ሁሉ አላሳመናትም። ማታ በሩን ገፍቼ ስገባ ረከቦቱን ትታ ትነሣለች፤ ነጠላዋን ትከናነብና፣ የሽጉጡ ሣጥን ሲቆለፍ እስክትሰማ ድረስ ግቢው ውስጥ ቆማ ትጠብቃለች።